ማን ያዛል? ማንስ ይታዘዛል? ስለ ዊንዶውስ፣ ስለ ማክና ስለ ሊኑክስ

በመኝታ ቤታችን ከእራት በኋላ የሚነሣው ክርክር ብዙ ዓይነት ነው። ስለ ፖለቲካ የሚነሣውን ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይገላግለናል፤ ስለ ኮምፒዩተር የሚነሣውን ግን እንቅልፍም አይገላግለውም። አንዱ «ዊንዶውስን የመሰለ የለም» ይላል። ሁለተኛው «ማክ ያልያዘ ሰው ኮምፒዩተር አልያዘም» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው፣ ዘወትር ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የሚመጣው፣ ሁለቱንም በንቀት እየተመለከተ ሊኑክስ ያልጫነ ሰው ገና ፊደል እንዳልቆጠረ ያስረዳናል። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለሆንሁ በዚህ ክርክር አፍ ለመክፈት መብት የለህም የሚሉኝ አሉ። ዳሩ ግን የኮምፒዩተር ሥራ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የቃልም ሥራ ነውና፣ እኛም የምንናገረው ነገር አለን ብዬ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ አንዳንዶች «ሥርዓተ ክወና» ብለው የተረጎሙት፣ በሰውና በማሽኑ መካከል የሚቆም ዋና ፕሮግራም ነው። ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚያገኝ፣ ኪቦርዱንና ማተሚያውን ማን እንደሚያናግር የሚወስነው እርሱ ነው። ለተራ ተጠቃሚ የሦስቱ ልዩነት የመልክ ልዩነት ነው ለማለት ይቻላል፤ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየት፣ ኢንተርኔት ለመክፈት ማናቸውም ይበቃሉ። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። መቶ ፋይል አንድ በአንድ ከመክፈት ይልቅ መቶውን በአንድ ትእዛዝ ለመመርመር የሚፈልግ፣ ማውስ ከመግፋት ኪቦርድ የሚመርጥ፣ ማሽኑ «አይቻልም» ባለው ጊዜ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። ይህን ሰው ለዚህ ጽሑፍ ያህል «አዛዥ ተጠቃሚ» እንበለው። አዛዥ ተጠቃሚ ለመሆን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ጽሑፍ የሚያገላብጠው የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ከማንም ይልቅ ይህን ሥልጣን የሚሻ ይመስለኛል።

የሦስቱን የትውልድ ሐረግ በአጭሩ ላስታውስ። የዛሬው ዊንዶውስ የሚወርደው በ1993 ከወጣው ዊንዶውስ ኤን.ቲ. ነው። ማይክሮሶፍት ለአሮጌ ፕሮግራም ታማኝ መሆንን እንደ ሃይማኖት ስለያዘው፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ፕሮግራም ዛሬም ብዙ ጊዜ ይሠራበታል። ማክ ደግሞ በ2001 ማክ ኦ.ኤስ. ኤክስ ከወጣ ጀምሮ ውስጡ ዩኒክስ ነው፤ ይህንንም መሠረት አፕል ያገኘው ኔክስት የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ ነው። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከብዙዎቻችን ጋር እኩያ ማለት ነው። (ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም።) ሊኑክስ በትክክል ሲነገር ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያሉትን መሣሪያዎች በብዛት ያበረከተው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያወጀው የግኑ ፕሮጀክት ነው። እኛ የምንጭነው ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ እየተባለ የተጠቀለለውን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ተማሪ ሦስት መቶ የአማርኛ ጽሑፎች በአንድ ፎልደር ሰብስቧል እንበል። «ሕይወት» የሚለው ቃል በስንቱ ውስጥ እንደሚገኝ ለማወቅ ይፈልጋል። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላውም በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል። በተራ የመፈለጊያ ሣጥን ሦስት ጊዜ መፈለግ ሊኖርብን ነው። ግሬፕ የሚባለው የዩኒክስ ትእዛዝ ግን ሦስቱን ፊደላት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አድርገን «[ሕህኅ]ይወት» ብንለው፣ ከሦስቱ በአንዱ የተጻፈውን ሁሉ ከየፋይሉ እየለቀመ በአንድ ጊዜ ያቀርብልናል። የግሬፕን ውጤት ደግሞ ሶርት ለሚባለው ትእዛዝ አቀብሎ ማስደርደር፣ ከዚያም ለሌላው አቀብሎ ማስቆጠር ይቻላል። ትናንሽ መሣሪያዎችን እንዲህ እያቀጣጠሉ ትልቅ ሥራ መሥራት የዩኒክስ ዋና ሐሳብ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ቆጠራ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።

ይህን ሥራ ሦስቱም ይሠሩታል፤ ነገር ግን እኩል አይሠሩትም። በሊኑክስ መሣሪያው ከሥርዓቱ ጋር ተጭኖ ይጠብቃል፤ ጽሑፉም በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ከተጻፈ ያለ አንዳች ዝግጅት ያነበዋል። በማክም ግሬፕና ሶርት ከመጀመሪያው አሉ፤ ነገር ግን የማክ መሣሪያዎች ከቢ.ኤስ.ዲ. ወገን የሚወረሱ ስለሆኑ ለሊኑክስ የተጻፈ ትምህርት አንዳንድ ጊዜ ይሰናከልባቸዋል። ለምሳሌ ያህል ሴድ የሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን እዚያው እንዳለ እንዲያርም ሲታዘዝ፣ የማኩ ለመጠባበቂያ ቅጂው ቅጥያ እንዲሰጡት ግድ ይላል፤ የሊኑክሱ ካልፈለጋችሁ አይጠይቅም። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ጀማሪን አንድ ሌሊት ታሳድራለች።

የዊንዶውስ ነገር ሰፋ ያለ ነው። ፓወርሼል የሚባለው የዊንዶውስ ማዘዣ በሐሳቡ ብርቱ ነው፤ በቃል ፈንታ ነገሩን ከነባሕርዩ ከትእዛዝ ወደ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ «[ሕህኅ]ይወት»ንም ያውቃል። ጉዳቱ ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ የሚመጣው 5.1 የተባለው አሮጌው ፓወርሼል መሆኑ ነው። ይህኛው ውጤቱን ወደ ፋይል ሲያፈስ በዩ.ቲ.ኤፍ. 16 ይጽፈዋል፤ የሚለይበት ምልክት የሌለውን ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ፋይል ክፍተህ አንብብ ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ በአሮጌው የላቲን ሠንጠረዥ ስለሚተረጕመው አማርኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እንደዚህ የተጻፈውን ፋይል ሊኑክስ ላለው ጓደኛችሁ ብትሰጡት ግሬፕ ምንም አላገኘሁም ይለዋል፤ ጓደኛችሁም ፋይሉ ባዶ ነው ብሎ ይጣላችኋል። መድኃኒቱ ፓወርሼል 7ን ለብቻው መጫን ነው፤ እርሱ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8ን ልማዱ አድርጎታል። አማርኛን ጥቁር መስኮት ላይ በባዶ ሣጥን ይተካ የነበረው አሮጌው ኮንሶልም ከ2020 ወዲህ ዊንዶውስ ተርሚናል በተባለው እየተተካ ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው ማይክሮሶፍት በ2016 በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ማስገባቱ ነው። ደብልዩ.ኤስ.ኤል. ይባላል፤ በ2019 የታወጀው ሁለተኛው ዓይነት እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል ይዞ ይመጣል። የዊንዶውስ ተሟጋቾች «እንግዲህ ሊኑክስ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛ ቤት በልማዱ ከማሽኑ ሜሞሪ እስከ ግማሹ ለመውሰድ ይችላል፤ አራት ጊጋባይት ብቻ ባላት ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን ቤቶች ማስተዳደር ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ስለ ፋይል ስም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው ነገር ነው። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲሆን አንድ የእኛ ፊደል በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ እንግሊዛዊው 255 ፊደል ሲጽፍ እኛ የምንጽፈው 85 ብቻ ነው። የዊንዶውሱ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ግን የሚቆጥረው በሌላ ስልት ስለሆነ 255 ፊደላችንን ይቀበላል። እዚህ ላይ ዊንዶውስ ሊመሰገን ይገባል። በአንጻሩ ከነፎልደሩ ያለው ሙሉ አድራሻ ከ260 ፊደል እንዳይበልጥ የሚያግደው አሮጌ ሕግ ከ2016 ወዲህ ሊነሣ የሚቻል ቢሆንም፣ ሄዶ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። የጥንት መጽሐፍ ርእስ ረጅም መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም።

ሌላም አለ። እኛ «ወ/ሮ»፣ «መ/ቤት»፣ «ዶ/ር» እያልን በሰያፍ መሥመር ማሳጠር ልማዳችን ነው። ይህች መሥመር በሊኑክስ የፎልደር መለያ ስለሆነች በፋይል ስም ውስጥ ከቶ አትገባም፤ በዊንዶውስም ክልክል ናት። በማክ ግን በፋይል ማሳያው መስኮት «ወ/ሮ» ብላችሁ ብትሰይሙ ይቀበላችኋል፤ ከሥር ግን በሁለት ነጥብ ለውጦ ይመዘግበዋል። በተርሚናል ብታዩት «ወ:ሮ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህን ያልሰማ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለ ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የሚደረገው የታወቀ ክርክር ግን፣ ሊኑክስ ሁለቱን ይለያል፣ ሌሎቹ በልማዳቸው አይለዩም የሚባለው፣ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ዋጋ የለውም፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና።

ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስም የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ የወጣው በ2007፣ በቪስታ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት፣ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ እያስቀመጡ ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ብትከፍቱ የፊደል ቅርጹ ከሌላችሁ የምታዩት የላቲን ትርምስ ነው፤ የፊደል ቅርጹ ቢኖራችሁም ለዓይን እንጂ ለፍለጋ አይሆንም። ፕሮግራሞቹ በብዛት ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ጽሑፍ የሚመረምር ሰው አንድ ዊንዶውስ በቅርብ ቢያገኝ ይጠቀማል። ዛሬ ለመጻፍ ግን ሦስቱም ደኅና ናቸው፤ ኪይማን የተባለው መጻፊያ በሦስቱም ላይ በነፃ ይገኛል።

ስለ መስኮት አደራደር ብዙ የምለው የለኝም። ዊንዶውስ ከ2009 ጀምሮ መስኮቶችን ጎን ለጎን በኪቦርድ ያስቀምጣል፤ ማክ ይህን በውል ያገኘው በ2024 ነው፤ በሊኑክስ ግን አይ 3ን የመሰሉ፣ ማውስ ሳይነኩ ሁሉን በኪቦርድ የሚያስኬዱ ማዘጋጃዎች አሉ። ከሁሉም ይልቅ ልዩነቱ የሚታየው ፕሮግራም ስንጭን ነው። አሮጌ ጋዜጣ ፎቶ አንሥቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን ቴሴራክትን ከነአማርኛው በዴቢያንና በኡቡንቱ በአንድ መሥመር ትእዛዝ ማስጫን ይቻላል። የአንዱን ዓይነት ሰነድ ወደ ሌላው የሚለውጠው ፓንዶክም እንዲሁ ነው። (ፓንዶክን የደረሰው ጆን ማክፋርሌን የፍልስፍና መምህር መሆኑን ለቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን በትሕትና እናስታውሳለን።) ማክ ለዚህ ከ2009 ጀምሮ ሆምብሩ የተባለ ከውጭ የመጣ ረዳት አለው፤ ዊንዶውስም ዘግይቶ ዊንጌትን አምጥቷል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ትእዛዙን የሚሰጠው በመጨረሻ ማን ነው? ማክ የሥርዓቱን ፋይሎች ባለቤቱም እንዳይነካቸው ከ2015 ጀምሮ ቆልፏል፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ በማኅተም አትሟቸዋል። አጥሩ ሰፊና የተስተካከለ ስለሆነ በውስጡ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ አያየውም። ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ መብራት ለሚጠፋበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሜሞሪ ልጨምር ቢሉ አይቻልም፤ ዋጋውንም መናገር አያስፈልግም።

ዊንዶውስ ውስጡን እንድትነኩ ከማክ ይልቅ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የዘመኑን ማለቂያ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ ከኢንቴል ወገን ከሆነ፣ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን አምስተኛና ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ከሁለተኛ እጅ ገዝተን የምንሠራው? ማሽኑ አልታመመም፤ ኪቦርዱ ይመታል፣ ስክሪኑ ይበራል፤ ነገር ግን ከውጭ ሆኖ «ዕድሜህ አልቋል» የተባለ ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ሊኑክስ ተጭኖ የደኅንነት ማሻሻያውን እያገኘ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። እኔ ለሊኑክስ የማደላበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው እንጂ የጥቁር መስኮት ፍቅር አይደለም።

የሊኑክስ ወገኖች የማይናገሩት ግን አለ። የማይክሮሶፍት ኦፊስ በሊኑክስ ላይ አይጫንም። ሊብሬ ኦፊስ መልካም ምትክ ነው፤ ነገር ግን አማካሪ መምህራችሁ በዎርድ ጽፈው በዳር አስተያየት አስፍረው የላኩትን መቶ ገጽ ስትከፍቱ ሠንጠረዡ ሊዛነፍ፣ የግርጌ ማስታወሻው ገጽ ሊዘል ይችላል። መምህሩን «ሊኑክስ ይጫኑ» ለማለት የሚደፍር ተማሪ ካለ ስሙን ይላክልን። አንዳንድ የዋይፋይ ክፍሎችም ሊኑክስን ለመታዘዝ ያንገራግራሉ።

ሌላው የማይነገረው ነገር መታዘዝ ራሱ አደጋ መሆኑ ነው። ይህን የማውቀው ከራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት የሰበሰብኋቸውን የቃል ግጥሞች የፋይል ስማቸውን አንድ ወጥ ለማድረግ ፈለግሁና፣ በስማቸው ውስጥ ያለው ንጉሡ ሠ ሁሉ በእሳቱ ሰ እንዲተካ በሊኑክስ ጥቂት መሥመር ትእዛዝ ጻፍሁ። ትእዛዙ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አለቀ፤ ማሽኑም ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ ስቈጥር አንድ ፋይል ጐደለ። ለካ አያቴ ያሉኝን የሠርግ ዘፈን በፋሲካ ዕረፍት «ሠርግ» ብዬ፣ ሌላውን ደግሞ ከወራት በኋላ ረስቼ «ሰርግ» ብዬ አስቀምጬ ኖሯል። ስም የሚለውጠው ኤም.ቪ. የተባለው ትእዛዝ በሊኑክስም ሆነ በማክ ተርሚናል በዚያ ስም ሌላ ፋይል መኖሩን አይጠይቅም፤ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። በፓወርሼል ቢሆን ኖሮ ስሙ የተያዘ ነው ብሎ ይከለክለኝ ነበር። የተረፈችው የአያቴ ስትሆን የጠፋችው ሁለተኛዋ ናት ብዬ ስጽናና፣ ሁለተኛዋም ከእርሳቸው በስልክ የተቀበልኋት መሆኗ ትዝ አለኝ። እንደገና ደወልሁ። «አንተ ልጅ፣ ያኔ ያልሁህን አሁን ከየት አምጥቼ ልበልህ?» ብለው ሳቁ፤ ሌላ ዘፈንም ሰጡኝ። ያችኛዋ ግን አልተመለሰችም።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ማክ ያለው ሰው ይያዘው፤ ተርሚናሉን ከፍቶ ይማርበት፤ ታይም ማሽን የተባለውንም የቅጂ መጠበቂያ በውጭ ዲስክ ላይ ያስጀምር። ዊንዶውስ 11ን የሚችል፣ ስምንት ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሜሞሪ ያለው ማሽን የያዘ፣ ከአማካሪው ጋር በዎርድ የሚጻጻፍ ሰው እዚያው ቢቆይና ደብልዩ.ኤስ.ኤል.ን ቢጨምርበት ሁለቱንም ያገኛል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ተቀምጦ የቀረ ሰው ግን ሊኑክስን ይሞክር። ኤም.ቪ.ንም ሲጠቀም ሰረዝና አይ ፊደልን ያክልበት፤ ያን ጊዜ በፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት ይጠይቀዋል።

ለመሞከር አሮጌውን ማጥፋት አያስፈልግም። ኡቡንቱን በፍላሽ ላይ ጽፎ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሣት ይቻላል፤ ዲስኩ ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ማተሚያውና የአማርኛ ኪቦርዱ መሥራታቸውን በአንድ ምሽት ማየት ነው። ካልሠሩ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ፍላሽ የሌለው ጓደኛ የእኔን ለመዋስ ይችላል፤ ስምንት ጊጋባይት ናት፤ አሁን ኡቡንቱ ተጽፎባታል፤ የሚዋሰው ሰው ፊልም ሊጭንባት እንደማይወስዳት ቃል ይግባልኝ።